ናፍጣ የጠጣው የበር ጎማ

ጡረተኛው ሹፌር ባለቤታቸውን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል አስገብተው፣ ደጅ ባቆሟት አሮጌ መኪናቸው ውስጥ የተኛውን የዝናብ ውሃ በጣሳ ይጨልፉ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ሥራቸው ይኸው ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ጠቆረ አልገለጥ ብሏል። በአጥሩ ክዳን ሥር የተጠለለች አንዲት ወጣት ትክ ብላ ስታያቸው ቆየችና ቀርባ እጅ ነሣች። የቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና መምህርት ነበረች፤ እናቷ እዚያው ሆስፒታል ተኝተውባታል።

«አባቴ፣ ቅር የማይልዎ ከሆነ በሩን ልየው?» አለች።

ሽማግሌው ፈቀቅ አሉላት። የበሩን ጠርዝ ዙሪያ ይዞ ውሃ የሚከላከለውን ጎማ ጫን አድርጋ ስትነካው ጣቷ ጠቁሮ ተነሣ። ጎማው ላይ ላዩን ያብረቀርቃል፤ ሲነኩት ግን እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ማዕዘኑም ተሰነጣጥቋል። በምን እንደሚያጸዱት ጠየቀቻቸው።

«በናፍጣ ነዋ። አርባ ዓመት በናፍጣ ስወለውል ኖሬያለሁ» አሉ። «እናንተ መኪናን የምታውቁት ከደብተር ነው፤ እኔ የማውቀው ከመሪው ላይ ነው።»

መምህርቷ አልተቀየመችም። ናፍጣ ጎማን ለጊዜው እንደሚያወዛው፣ ውስጡ ሲሰርግ ግን እያሳበጠ እንደሚያልፈሰፍሰው፣ የተረፈውንም ፀሐይ አድርቆ እንደሚሰነጥቀው በትሕትና አስረዳቻቸው። እሳቸው በጄ አላሉም። ሰውም ያረጃል፣ ጎማም ያረጃል፤ ካረጀ ነገር ጋር መታገል ከፈጣሪ ጋር መሟገት ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። የሽማግሌው እልህ ግን ከጎማው ጋር አልነበረም። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ስለ ባለቤታቸው የነገራቸው ክፉ ወሬ ልባቸውን ሰብሮታልና፣ «ይስተካከላል» የሚል ቃል ከማንም አፍ ሲወጣ ያንገሸግሻቸው ነበር።

መምህርቷ በዚህ መሐል ከጋቢናው በር ሥር አንድ ነገር ሳበች።

«እርጅናውስ እርጅና ነው እንበል፤ ይህ ፎጣ ግን ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ፎጣውን ያውቁታል። ባለቤታቸው ከቤት ሲወጡ ከእጃቸው አይለዩትም፤ ምናልባት ቢያስመልሳቸው ብለው የሚይዙት ይመስላቸው ነበር። ለካ ባለቤታቸው እየጠቀለሉ ውሃው በሚገባበት ስንጥቅ ላይ ይወትፉት ኖሯል። ሲጨምቁት ውሃው በክንዳቸው ወረደ።

ከቀትር በኋላ ባለቤታቸውን ደግፈው ሲያመጡ መምህርቷ ገና አልሄደችም ነበር። ሽማግሌው ፎጣውን አሳዩና «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ጠዋት ጠዋት በናፍጣ ስትወለውላት ደስ ይልህ ነበር» አሉ ሴትዮዋ፣ በደከመ ድምፅ። «ሌላ ደስ የሚልህ ምን አለ?»

ሽማግሌው ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ልጄ፣ እንዴት እንደሚደረግ አሳዪኝ» አሉ።

በማግሥቱ አብረው ሠሩ። ናፍጣ የበላውን የጋቢና በር ጎማ አውልቀው በአዲስ ቀየሩት። የቀሩትን በሮች ጎማዎች ለብ ባለ የሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ አጥበው አደረቁ፤ ከዚያ ጨርቅ ሲሊኮን በተባለ የጎማ ቅባት ነክረው ስስ አድርገው አሹዋቸው። ከበሩ ግርጌ በጭቃ የተደፈኑትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎችም በሽቦ ከፈቱ። ይህን በየሁለት ወሩ እንዲደግሙትና መኪናዋን ጥላ ሥር እንዲያቆሟት መምህርቷ አደራ አለቻቸው።

«የሞተውን ጎማ ማስነሣት አይቻልም» አለች እጇን እየታጠበች፤ «ያልሞተውን ግን ማቆየት ይቻላል።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት።

ጎማው ቢታደስም ጤና አልታደሰም። ባለቤታቸው ከዚያ በኋላ የኖሩት ዐሥራ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ግን ዝናቡ ከውጭ ቀረ፤ ነፋሱም በስንጥቁ ማፏጨቱን ተወ። ድሮ በመንገድ ላይ ካልተጯጯኹ የማይደማመጡት ባልና ሚስት በየጉዞው ያወሩ ጀመር።

ዛሬ በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ የያዘ ሹፌር ሲያዩ ሽማግሌው ዝም ብለው አያልፉም። የበር ጎማ በወጉ ሲያዝ ወለሉ እንደማይዝግ፣ ወንበሩ እንደማይሻግት፣ ብርድ ተሳፋሪውን እንደማያሳምም አንድ በአንድ ይነግሩታል። ሰውየው ይህ ሁሉ ድካም ለአሮጌ መኪና ምን ያደርጋል ብሎ የተከራከራቸው እንደሆነ፣ እንዲህ ይላሉ፦

«ከጎንህ የተቀመጠ ሰው ቀስ ብሎ ሲናገር ይሰማሃል።»