የካህኑ ማስቲካ

አባቴ ቄስ ናቸው። አንጀታቸው ታጥፎ ኦፕራሲዮን በሆኑ ማግስት ነርሷ ማስቲካ ይዛ መጣች። «አባባ፣ ይቺን ያኝኩ፤ ማኘክ አንጀት ያነቃቃል። ከሆድዎ ጋዝ ሲወጣ ደግሞ አጥሚት ይቀምሳሉ» አለቻቸው። «እኔ ካህኑ፣ እንደ ኮረዳ ማስቲካ ላላምጥ?» ብለው ተቆጡ። እኔ ሴት ልጃቸው አንጀታቸው እምቢ እንዳይል ፈርቼ ስለምናቸው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ማኘክ ጀመሩ።

ይሄኔ የንስሐ ልጆቻቸው ከቀዬው ሊጠይቋቸው ደረሱ። ጋቢው አፋቸው ላይ ሲንቀሳቀስ አይተው ዳዊት የሚደግሙ መሰላቸው። አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «አይ አባታችን! ታመውም ጸሎት አልተዉም! እግዚአብሔር ይስማዎት» ከማለቱ፣ ከጋቢው ሥር ረጅም ድምፅ ወጣ። እልልታዬን ልለቀው ስል አባቴ ቀደሙኝ።

«ተሰማ!» አሉ። «በይ አንቺ፣ አጥሚቱን አምጪ።»