ከላፕቶፑ ስለወጣው ሃርድ ዲስክ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ነስሪን አብዱናስር
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ ጽሕፈትና ትርጉም
አድራሻ፦ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ገለምሶ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ጭሮ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 7፡00 ሰዓት

እኔ ምስክር ገለምሶ ከተማ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ በመጻፍና ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ በመተርጎም የምተዳደር ስሆን፣ ባለፈው ኅዳር ወር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይሉ በርትቶ የምሠራበትን ኮምፒውተር አቃጠለብኝ። ባለቤቴ ጅቡቲ ሾፌር ነው፤ ሴት ልጃችን አባቷን የምታየውም በዚያው ኮምፒውተር ነበር። ደንበኞቼ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ስለጀመሩ ላፕቶፕ ለመግዛት ጭሮ መጥቼ ስዞር ዋልኩ።

አዲሶቹ ከአቅሜ በላይ ሆኑብኝ። ካገለገሉት ውስጥ አንዱ ከቻርጀር ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል፣ የሌላው ማጠፊያ ላልቷል፣ አንዱ ደግሞ አንዳንድ ፊደል አይጽፍም። እኔ የፈለግሁት መብራት ሲጠፋ የጀመርኩትን ማመልከቻ የሚያስጨርሰኝ፣ ማታ ደግሞ ልጄ አባቷን የምታይበት እንዲሆን ነው። በመጨረሻ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነውና ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጠው ሑዘይፋ አንድ ጥቁር ላፕቶፕ አወጣልኝ። ባትሪውን ለመሞከር እዚያው ቁጭ ብዬ ብዙ ጠበቅሁ፤ አልደከመም። ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የፊት ጥርሱ የወለቀ ወንድ ልጅ ፎቶ ነበር። የማን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "ባለቤቱ አዲስ ገዝቶ ነው የሸጠልኝ" አለኝ። ትንሽ ስለሚንቀራፈፍ "ውስጡን በፈጣን ልቀይርልሽ" ሲለኝ ተስማማሁ። ጀርባውን ፈትቶ ሃርድ ዲስኩን አወጣና ሌላ ገጠመ። ያወጣውን ምን እንደሚያደርገው አልጠየቅሁም። ደረሰኝም አልሰጠኝም፤ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ስለነበር ትቼው ሄድኩ።

ላፕቶፑ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ስገዛ ለሑዘይፋ በሰጠሁት ስልክ ቁጥር ከፖሊስ ተደውሎ፣ ሑዘይፋ የተሰረቁ ዕቃዎች ሲሸጥ እንደተያዘና የእኔም ላፕቶፕ ከእነዚያ አንዱ እንደሆነ ተነገረኝ። ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ይዤው መጣሁ።

በጣቢያው ኮሪደር የላፕቶፑ ባለቤት ወ/ሮ አይናዲስ የተባለች የመሰላ ወረዳ መምህርት ተቀምጣ አገኘኋት። ቦርሳዋ ቦርደዴ ላይ ከአውቶቡስ ውስጥ ስልኳንም ላፕቶፗንም እንደያዘ ነው የተሰረቀባት። ትሰድበኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ሰላም ብላኝ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ያስቀመጥኩትን የልጄን ፎቶ ስታይ ቀና ብላ፣ "የእኔ ልጅ የታለ?" አለችኝ። ልጅ ይዛ የመጣች መስሎኝ ኮሪደሩን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። "እዚህ ውስጥ ነበር እኮ። ኢያኤል። የት አደረግሽው?" አለች። ልጇ ባለፈው ክረምት ታሞ መሞቱን፣ ሲናገርና ሲስቅ የተቀረጸው ሁሉ በዚያ ላፕቶፕና በዚያ ስልክ ላይ ብቻ እንደነበረ የነገረችኝ ከዚህ በኋላ ነው።

ዲስኩ ተቀይሮ መውጣቱን ስነግራት ክንዴን ያዘችኝ። "ወጣ እንጂ አልጠፋም ማለት ነው?" እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ሑዘይፋ በፖሊስ ፊት ሲጠየቅ፣ አሮጌ ዲስኮቹን ከሌላ ስብርባሪ ጋር በካርቶን አድርጎ ቅዳሜ ለቁራሌው እንደሸጠ ተናገረ። እኔና አይናዲስ ቁራሌዎቹ የሚያስረክቡበት ግቢ ድረስ በባጃጅ ሄድን። የግቢው ባለቤት አቶ አብዱረዛቅ ወሬያችንን ሰምቶ ራሱን ያዘ። "ወላሂ እህቶቼ፣ ገና አሁን ነው የጫንነው። መኪናው ከወጣ ሰዓትም አልሞላው። አዳማ ወርዶ በቀጥታ ወደ ማቅለጫ ነው የሚገባው" አለን። ለሾፌሩ ቢደውልም ስልኩ ዝግ ነው አለ።

አይናዲስ አላመነችውም። የቀሩትን ጆንያዎች እየዘረገፈች በእጇ ትፈልግ ጀመር፤ እኔም አብሬያት ፈለግሁ። የተቆራረጠ ሽቦ፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ስልክ እንጂ አንድም ዲስክ አላገኘንም። ቆርቆሮ እጇን ቆርጧት እየደማ ነበር፤ በሻርፔ ላስርላት ብል አልሰጥ አለችኝ። "አይናዲስዬ፣ ተነሽ፣ ለፖሊስ እንንገር" ብላት፣ "አንቺ ሂጂ። እኔ ከዚህ ከተነሳሁ አለቀ ማለት ነው" አለች። ብቻዋን ትቻት መጣሁ።

ላፕቶፑን ለፖሊስ አስረክቤያለሁ፤ ይመለስልኝ አልልም። ነገ በምን እንደምሠራ አላውቅም። እኔም እናት ነኝ፤ ያ ዲስክ ሲወጣ ቆሜ እያየሁ አንድ ቃል አልተናገርኩም። መኪናው ሰማያዊ ሸራ የለበሰ አይሱዙ ነው። ታርጋውን አቶ አብዱረዛቅ ያውቃል፤ የእሱን ስልክ ቁጥርም ይዤ መጥቻለሁ። ወይ አዋሽ ወይ መተሐራ ላይ አስቁማችሁ ጭነቱ እንዲፈተሽ እለምናለሁ።

የተጻፈው ተነቦልኛል። ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የተናገርኩት፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ። የምጨምረው ብዙ ነበረኝ፤ ግን እኛ ይህን ስንጽፍ መኪናው እየሄደ ነው። ልፈርምና እባካችሁ አሁን ደውሉ።

የምስክር ፊርማ፦ ነስሪን አብዱናስር
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን ፊሊጶስ አያና፣ ፊርማ