ትንሽ ነው የተባለው ፍሳሽ

ከሜክሲኮ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ስለ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲያወራ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናት አጠገባቸው ያለችውን ወጣት «ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልናል?» አሏት።

«የተማርኩት እሱን ነው፣ እማማ። ውጭ አገር አንዱ ጣቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ተመለስሽ?»

«አባረሩኝ። እንፋሎት የሚያመነጨው ጋን ውስጥ አንድ ቱቦ ማፍሰስ ጀመረ። ጨረር ያለበት ውሃ ከንጹሑ ጋር እየተቀላቀለ ስለነበር ጣቢያው ይቁም አልኩ።»

«እነሱስ?»

«‹የሚያፈሰው ትንሽ ነው፣ ዝም በይ› አሉኝ። ሄጄ ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ተናገርኩ።»

«ቆመ?»

«ቆመ። ቱቦው ተደፈነ፣ እኔም ተባረርኩ።»

«አፍሽን ብትይዢ ኖሮ እንጀራሽን አታጪም ነበር፣ ልጄ።»

«ከጣቢያው በታች ወንዝ አለ። ሰው ይጠጣዋል።»

«ግትር ነሽ።»

«እናቴም እንደዚያ ነው የምትለኝ።»

«እዚህ ተሠርቶ ቢቀጥሩሽስ?»

«እገባለሁ።»

«ካፈሰሰስ?»

«እናገራለኋ።»

«እንደገና ቢያባርሩሽስ?»

«መባረሩን ለምጄዋለሁ፣ እማማ። ዝም ማለቱን ነው ያልለመድኩት።»

ልደታ ማርያም ጋ መውረድ ነበረብኝ፣ ግን እነሱን ሳዳምጥ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።