ቀይ ነጥብ ያለበት ግራፊክስ ካርድና ባዶው ፕሮፎርማ

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ነሲባ ፈረጅ ሁዘይፋ
ዕድሜ፦ 38 ዓመት
ሥራ፦ የኮምፒውተርና የጽሕፈት ዕቃዎች ንግድ
አድራሻ፦ ጋምቤላ ከተማ፣ ቀበሌ 03፣ የቤት ቁጥር አዲስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል ተቀባይ፦ ዋና ሳጅን ጥዑመልሳን አምዴ

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር በጋምቤላ ከተማ ስኖር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ተጠርጣሪውን አቶ ኮት ዲዩን በደንበኝነት አውቀዋለሁ፤ ዝምድናም ጠብም የለንም። አቶ ወንዳፍራሽንም አውቀዋለሁ። እንደ እኔ የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ ሲሆን ሱቁ መንገዱን ተሻግሮ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። ልጄ ስትወለድ በግ ጎትቶ የመጣ ሰው ነው፤ እስከዚህ ወር ድረስ ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ባለቤቴ ለሥራ ዲማ ስለሆነ ቤቱንም ሱቁንም የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ዛሬ የመጣሁት በመጥሪያ ሳይሆን በገዛ ፈቃዴ ነው። ስመጣም ሱቄን ከፊት ሳልዘጋ በጓሮ በር ወጥቼ፣ ገበያውን ዞሬ፣ በእግሬ ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4፡30 ገደማ አቶ ኮት ሱቄ መጣ። በባሮ ዳር የጎርፍ ቅድመ ጥንቃቄ ፕሮጀክት ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ጎርፍ የሚደርስበትን ቀበሌ በካርታ ለሚሠራው ኮምፒውተር፣ ምስሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣ ግራፊክስ ካርድ እንደሚገዛ፣ የገበያውን ሁኔታ አጥንተህ ና እንደተባለ ነገረኝ። «ነሲባ፣ እኔ የዕቃ ቁጥር ነው የማውቀው፣ የዕቃ ሆድ አላውቅም» አለኝ። እኔም ካርቶን ቀድጄ በጀርባው ላይ ሦስት ካርድ አወዳደርኩለት። ባለ 4 ጊጋው አሥራ ስምንት ሺህ ብር፣ ባለ 8 ጊጋው አርባ አንድ ሺህ፣ ባለ 12 ጊጋው ሰባ አራት ሺህ። የመጨረሻው መብራት ስለሚበላ ለብቻው የኃይል ገመድ እንደሚፈልግም ጻፍኩለት። ጊጋው ካርታው እንደሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው፣ ጠረጴዛው ከጠበበ ካርታው አይዘረጋም ስለው ሳቀና ባለ 12ቱን አስከበበኝ። ሊወጣ ሲል፣ ሲመጣ በምን አውቀዋለሁ ብሎ ጠየቀኝ። «ኮምፒውተሩ ውስጥ ክተተውና ቁጥሩን አንብብ። አሥራ ሁለት ካለ ፈርም» አልኩት። ዛሬ አንገቴን የያዘኝ ይህ ቃል ነው።

መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገዛ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ይሰበስባል፤ ደንቡ ነው። በእኛ ገበያ ደግሞ ደንቡን የምናልፍበት ሌላ ደንብ አለን። አንዱ ነጋዴ ሥራውን ከፈለገው ጎረቤቱ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጻፍበት ፕሮፎርማ ይሰጠዋል። አጃቢ እንለዋለን። ዛሬ ለእኔ ነገ ላንቺ ነው። ኅዳር 19 ቀን ከሰዓት በኋላ 9፡00 ገደማ አቶ ወንዳፍራሽ መጥቶ «ነስቡ፣ አጃቢ ስጪኝ» አለኝ። አንዱ በጽሑፍ ቢበላሽ ብዬ ሁለት ባዶ ወረቀት አውጥቼ በሁለቱም ላይ ማኅተሜን መታሁ፣ ፈረምኩ፣ ሰጠሁት። ያስገደደኝ የለም። ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱም ለእኔ ሰጥቶኝ ያውቃል።

በዚያው ቀን ከቦርሳው አንድ አሮጌ ካርድ አወጣ። ገና ሳየው ለየሁት። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ራሴ የሸጥኩለት ባለ 2 ጊጋ ነው። እኔ በምሸጠው ካርድ ሁሉ ላይ፣ ከማራገቢያው አጠገብ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደርጋለሁ፤ ደንበኛ የሌላ ሱቅ ዕቃ አምጥቶ በዋስትና ቀይሪልኝ እንዳይለኝ ነው። የዕቃው መለያ ቁጥርም ከአቶ ወንዳፍራሽ ፊርማ ጋር በዋስትና ደብተሬ ላይ አለ። የዚህን ካርድ ጊጋ በሶፍትዌር ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ልጅ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «ሰው ዕድሜውን ሲቀንስ ሰምቻለሁ፤ ካርድም ጊጋውን ይጨምራል እንዴ?» አልኩት። «ካርድስ ከሰው በምን ያንሳል?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 10 ቀን፣ ጨረታውን አቶ ወንዳፍራሽ አሸንፎ ካርዱን ባስረከበ ዕለት፣ አቶ ኮት በባጃጅ ሲያልፍ አንገቱን አውጥቶ «ነሲባ፣ አሥራ ሁለት አለ!» ብሎ ጮኸልኝ። እሰይ አልኩት። ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደማንኛውም ሰው ገበያ ላይ ነው የሰማሁት። ካርታው ሲከፈት ስክሪኑ ይጠፋል፤ ባለሙያ መጥቶ ሲፈታው ካርዱ ቁጥሩ የተቀየረ አሮጌ ባለ 2 ጊጋ ሆኖ ተገኘ። አቶ ወንዳፍራሽ እኔ ደህናውን አስረክቤአለሁ፣ የለወጠው ንብረት ክፍሉ ነው አለ። አቶ ኮት ጥር 5 ቀን ተያዘ። ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው።

ጥር 7 ቀን ከጠዋቱ 5፡00 ሰዓት ላይ የአቶ ኮት ባለቤት ወ/ሮ ኛሙት ሱቄ መጣች። ባለሙያው ያነሳውን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ከካርዱ ኋላ ሰማያዊ የድሮ ስክሪን መሰኪያ አየሁ፤ እኔ ያወዳደርኩት ባለ 12 ጊጋ ይህ መሰኪያ የለውም። ለአቶ ኮት ይህን ብነግረው ኖሮ አይፈርምም ነበር። ከማራገቢያው አጠገብ ደግሞ ቀዩ ነጥቤ አለ። «ኮት አልወሰደም። ይሄን ዕቃ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። «አላውቀውም» አልኳት። ዋሽቻለሁ። ነጥቡ የእኔ፣ ማኅተሙ የእኔ፣ ምክሩም የእኔ ስለሆነ ሁሉም ዞሮ እኔ ላይ የሚያርፍ መስሎኝ ነው። እሷ ግን ጠረጴዛዬ ላይ የቆመውን የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እሺ ብላ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቀን 9፡00 ሰዓት ላይ አቶ ወንዳፍራሽ መጣ። ኛሙት ምን ፈልጋ ነበር አለኝ። ፎቶ ኮፒ አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ስለ ባለቤቴ ጤና ጠየቀኝ። ሊነሳ ሲል ድምፁን ሳይቀይር «ነስቡ፣ የሰጠሽኝ ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ አሁንም ባዶ ነው። ምን እንደምጽፍበት ገና አላሰብኩም» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ካርዱን በባለ 12 ጊጋ ዋጋ የሸጥኩለት እኔ ነኝ ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። ሱቄን አስረክቤዋለሁ ብሎም ሊጽፍበት ይችላል። ከሥሩ ማኅተሜና ፊርማዬ አለ። እሱ ወንበሩን ወደ ሱቄ በር አዙሮ ይቀመጣል። በዚህ ሙቀት የታጠፈ ነጭ ወረቀት ይዞ ራሱን ያራግባል። ወረቀቱ የእኔ ይሁን አይሁን ከማዶ መለየት አልቻልኩም። እኔ ስከፍት ይከፍታል፣ እኔ ስዘጋ ይዘጋል። ትናንት ደንበኛ ቆሞ እያናገረኝ ዓይኔ ከዚያ ወረቀት አልነቀል ብሎ የጠየቀኝን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። በጓሮ በር የወጣሁት ለዚህ ነው።

የዋስትና ደብተሬን ዛሬ ለምርመራው አስረክቤአለሁ። ማኅተሜንም አብሬ አስረክቤአለሁ። ባዶው ወረቀት አሁንም በአቶ ወንዳፍራሽ እጅ እንደሚገኝ፣ ወደፊት በማኅተሜ የሚመጣ ማናቸውም ጽሑፍ እኔ ያልጻፍኩት መሆኑ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ። ባዶ ወረቀት ላይ በመፈረሜ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። አቶ ኮት ግን ካርዱን አልለወጠም፤ ያጠፋው ነገር ቢኖር እኔን ማመኑ ነው።

ይህ ቃል ቃል በቃል ተነብቦልኛል። ያየሁትንና የሰማሁትን፣ የዋሸሁትንም ጭምር፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናግሬያለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን ከዚህ በታች ገጹ ባዶ መቅረቱን አይቼ፣ ባዶው ቦታ ከጥግ እስከ ጥግ በእስክሪብቶ ካልተሰረዘ እንደማልፈርም ለዋና ሳጅን ጥዑመልሳን ገለጽኩ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ፖሊስ ጣቢያ ነው» አሉኝ። «ያኛውም ጎረቤቴ ነበር» አልኳቸው። ሰርዘውልኛል። ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ነሲባ ፈረጅ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ዋ/ሳ ጥዑመልሳን አምዴ
ምስክሯ ከጣቢያው የወጣችበት ሰዓት (በራሷ ጥያቄ የተመዘገበ)፦ ከጠዋቱ 5፡10፣ በኋላ በር