ከግንባር የተሠራ አፍንጫ

የማያውቁትን ሰው ስለ ፊቱ መጠየቅ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና በሚኒባስ ስንሄድ ግን አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከወዲያ በኩሏ ያሉትን ሽማግሌ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ አፍንጫዎን ምን ነካው?»

«የቆዳ ካንሰር ነበር። ሐኪሞቹ ከነአፍንጫዬ ቆርጠው አወጡትና ሌላ ሠሩልኝ።»

«ከምን?»

«ከግንባሬ ቆዳ። ከጆሮ ጀርባ ወስደን ብንለጥፍ ቁስሉ ስለጠለቀ አይበቃም አሉኝ። ማታ ማታ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ አፍንጫም አለ አሉ። እሱን እንቢ አልኩ።»

«ለምን?»

«የልጅ ልጆቼ ይደብቁብኛላ!»

«ውይ ጋሼ! የግንባሩስ አልከበደም?»

«ሁለት ጊዜ ነው ኦፕራሲዮን የሆንኩት። በመሃሉ ቆዳው ከግንባሬ ወደ አፍንጫዬ ተንጠልጥሎ ሳምንታት ቆየ። አሁንም ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ስታርፍ ግንባሬ ላይ ያረፈች ስለሚመስለኝ የምመታው ግንባሬን ነው።»

«ታዲያ አሁን ወዴት ነዎት?»

«ሽማግሌ ሆኜ ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልጠይቅ። ወንድሜ ግን ማስክ አድርግና ከኋላ ተቀመጥ፣ ሌላ ሰው ይናገር አለኝ።»

«እውነቱን እኮ ነው። የልጅቷ ወላጆች ቢደነግጡስ?»

«ይደንግጡ። ከዚያ ይጠይቁኛል፤ ለአንቺ እንደነገርኩሽ እነግራቸዋለሁ። ፊቱን ለሸፈነ ሽማግሌ ማን ልጁን ይሰጣል? የምናገረው እኔ ነኝ።»

ከተነሳን ጀምሮ መስኮቱን ብቻ ስመለከት የቆየሁት እኔ፣ ዞር ብዬ ፊታቸውን ደህና አድርጌ አየሁት።