የጃቫው የጡት ልጅ

ግቢ፣ ግቢ ሰገነትዬ! ኧረ ጫማሽን ተይው፣ ምንጣፉ እንደኔ አርጅቷል። ፓርኪንግ አገኘሽ? እሰይ። የዩኒየን ሲቲ ደግነቱ ይሄ ነው፤ እንደ ኦክላንድ ሦስት ጊዜ ዞረሽ የቅጣት ቲኬት አትቀምሺም። እዚህ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ፣ ነፋስ አለው። እናትሽ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት? የኔማ ደረጃ ባየ ቁጥር ያለቅሳል… ደግነቱ ይሄ ቤት ደረጃ የለውም፣ ተመስገን ነው። ሻይ ጠጪ እንጂ፣ እትዬ ፋንታዬ ሻይ እንኳን አላቀረበችልኝም ብለሽ እንዳታሚኝ።

ጽናት ልጄ ከሳን ሆዜ እየመጣች ነው። ከሆስፒታል ሥራዋ ወጥታ ፍሪዌይ ላይ ናት፣ ትራፊኩ አላንቀሳቅስ ብሏታል። እስክትደርስ እንጫወት። ወረቀትሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊው፣ አይዞሽ አልነካውም። ቤቱን ለሽያጭ የምታወጪበት ነው አይደል? ዛሬ ሳይን ተደርጎ፣ ቅዳሜ ኦፐን ሃውስ፣ ገዢ ሁሉ ገብቶ ሊያይ… ፈጣን ነሽ፣ ተባረኪ። እኔ አንድ ቀሚስ ለመግዛት ሦስት ቅዳሜ ነው የሚፈጅብኝ።

ኩሽና የምትሰሚው ውሃ? ዕቃ እየታጠበ ነው። ጠዋት አጥቤው ነበር፤ አሁን ደግሞ እንደገና እየታጠበ ነው። ንጽሕና የሚወድ ሰው ያለበት ቤት የታደለ ነው።

በሥራሽ ስንቱን ሰው ታያለሽ አንቺ! እኔም አንድ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ የሰው ስም ማንሳት ነውር ነው። አንቺም አታውቂው። ማውንቴን ቪው የኩባንያ ሠራተኞች የሚያመላልስ ባስ ነው የሚነዳው። ጎበዝ ሾፌር ነው፣ አንድ ቀን መንገድ ስቶ አያውቅም… በባስ። ባለትዳር ነው። አማትም አለችው፣ ምስኪን፣ ሰው ሁሉ የራሱ መስቀል አለው።

እና ይሄ ሰው፣ አብሮት የሚነዳ አንድ የኢንዶኔዥያ ሰው አለ። ጃቫ የሚባል ደሴት ነው አገሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን አውጥቶ የአጎቱን መንደር ያሳየዋል። ሩዝ፣ ውሃ፣ ተራራ፣ ኮኮናት… በቃ! የኛ ሰው ልቡ ጠፋ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ አይደል? ተረቱን የተረተው ሰው እሱን አላገኘውም። እራት ላይ የሚወራው ጃቫ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚወራው ጃቫ ነው። አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የወረደ ስለሆነ በዓመት ሦስት ጊዜ ይታጨዳል። ሩዙ ሲነሣ ዳክዬ ይለቀቅበታል፣ ትሉን ለቅሞ ይጨርሳል። ዳክዬው እንኳ ሥራ አለው! ይህን ሁሉ የሚያስተምረን ካዛንቺስ ተወልዶ ካዛንቺስ ያደገ ልጅ ነው እንግዲህ። በሬ ያየው ለፋሲካ ነው፣ ያውም ታስሮ። እንዲህ ያለ ሰው ገበሬ ልሁን ሲል አታደንቂውም? እኔ አደንቀዋለሁ። የሚያውቁትን ሥራ መሥራት ማንም ይችላል።

አምና ዕረፍት ወስዶ ሄደ። የደረሰበት ቀን መንደሩ በሙሉ ወጥቷል አሉ፣ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ አካፋ የያዘው፣ መጥረጊያ የያዘው። እሱ ምን ገመተ? አቀባበል! ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። አልፎም ተነሥቶ ንግግር አደረገ፣ በእንግሊዝኛ። እነሱ ለካ የወጡት ለደቦ ነው። ዝናቡ ሳይመጣ የመስኖውን ቦይ ሊጠርጉ። የዋህ ሕዝብ ስለሆነ አካፋውን ተደግፎ እስኪጨርስ ጠበቀው፣ አጨበጨበለት፣ ከዚያ ቦዩ ውስጥ ገባ። እሱም ከወንበሩ ሆኖ ቪዲዮ አነሣቸው። አይቼዋለሁ… ማለቴ፣ አሳይተውኛል። ቆንጆ ቪዲዮ ነው።

ስኳር አነሰው? ጨምሪ፣ ጨምሪ። ማር አልሰጥሽም፤ በማር ጉዳይ የሚሆነውን ልነግርሽ ነው።

መሬቱን መረጠ። የሥራ ጓደኛው አጎት መሬት አጠገብ ነው፣ ሱካርዲ ይባላል አጎትየው። ሊገዛ ሲል የመንደሩ ሹም አስቀምጦ፣ አስተርጓሚ አቁሞ ነገረው። ‘ወንድሜ፣ እኛ አገር የውጭ ሰው የእርሻ መሬት በስሙ አይኖረውም፣ ሕግ ነው’ አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? አመስግኖ፣ ኮኮናቱን ጠጥቶ፣ አውሮፕላኑን ይሳፈራል። ይሄ ግን ሌላ ሰው ነው? ያገሩ ባህል ትዝ አለው! የጡት ልጅ! ድሮ ባላገር ሁለት ሰው ሊተማመን ሲፈልግ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አያጠባም? ካጠባው ወዲያ የሥጋ ልጁ ማለት ነው፣ አይከዳውም። አያቱ ሲያወሩ ሰምቷል። ስለዚህ የሚገዛውን መሬት በሱካርዲ ስም ያደርገዋል፣ ሱካርዲን ደግሞ የጡት ልጁ ያደርገዋል። በቃ፣ መሬቱ በልጁ ስም ሆነ ማለት ነው። ሎየር ምን ያደርጋል?

ማር ተፈልጎ መጣ። ይሄ ሰው አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጁ፣ ሱካርዲ ማለቴ ነው፣ ሃምሳ ሰባት። በስምንት ዓመት የሚበልጠውን ልጅ ወለደ! አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነክሮ ዘረጋለት። ሱካርዲስ ምን አጠፋ? እንግዳ ሰው ማር የነካ ጣት ሲዘረጋበት፣ ባህላቸው ይሆናል፣ እንዳይቀየመኝ ብሎ ላሰለት። ጨዋ ሰው ነው። ሚስቱ ግን ጓዳ ገብታ ሳቀች አሉ።

ምነው፣ ውሃው ቆመ… ቧንቧው ይሆናል። አንዳንዴ ጆሮ ያለው ይመስላል ይሄ ቧንቧ።

እና ወረቀቱ ወጣ። ማኅተሙ፣ ካርታው፣ ሁሉ ነገር ያማረ። ስሙ ላይ ሱካርዲ ይላል። እሱ ፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው! የሰው ወርቅ አያደምቅም ያሉት አልገባቸውም፤ በፍሬም ሲሆን ያደምቃል። ላም አለኝ በሰማይ ብሎ የሚተርትበት ሰውም አለ። ሐሜት ነው። የሱ ላም ሰማይ ላይ አይደለችም፣ ጃቫ ናት፤ ወተቷንም በየሳምንቱ በቪዲዮ ያየዋል። ልጁ ይልክለታል። ባለፈው ደግሞ ሞተር ሳይክል ቢገዛልኝ አለ፤ ልጅ አይደል፣ ይጠይቃል። ተገዛለት። ሱካርዲም ሞተሩ ላይ ሆኖ ፎቶ ላከ፣ ‘አባዬ፣ በየጸሎቴ አስብሃለሁ’ ብሎ። ከልቡ ነው፣ አምነዋለሁ።

እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ አንቺ ላይሰንስ ያለሽ ነሽና እስቲ ልጠይቅሽ። ልጅ አባቱን ይወርሳል ሲባል ሰምቻለሁ። አባት ልጁን ወረሰ ሲባል ግን… አለ እንዴ? ሱካርዲ የወለዳቸው ደግሞ ሁለት ልጆች አሉት። ማሌዥያ ነው የሚሠሩት። የመንደሩ ወጣት በሙሉ ከተማ ገብቷል፣ በመንደሩ የቀረው ሽማግሌና ዳክዬ ነው። እዚያ የተወለደው ልጅ ሸሽቶ ሲወጣ አንድ የሚያውቀው ነገር ይኖራል ብለሽ እንዳታስቢ! ማየት የተሳነው እሱ ነው፣ ካዛንቺስ ቢወለድ ኖሮ ይታየው ነበር።

አሁን የቀረው ሕንፃ ነው። ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ። ቱሪስት ይመጣል ይላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስድስት ሰዓት ነው መንገዱ። መምጣቱ አይቀርም… መንገድ የጠፋበት እንደሆነ። ለሕንፃው ማሠሪያ ደግሞ የሚኖሩበት ቤት ይሸጣል። ሚስቱ ሥራዋን ትለቃለች፣ ልጆቹ ሩዝ ሲተከል እያዩ ያድጋሉ። ለአማቱማ ምን አስቦላታል መሰለሽ? በረንዳ! ‘እማዬ፣ እርስዎ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው አረንጓዴውን እያዩ ያርፋሉ።’ እማዬ! አሥር ዓመት ሙሉ ‘እንዴት አደሩ’ና ‘ሪሞቱን አይተውታል’ ብቻ ነበር። ሰሞኑን ግን እማዬ ነው በቀን ሦስት ጊዜ። የልብሷን ቅርጫት ይሸከምላታል። ጫማ ገዛላት፣ ሁለት ቁጥር ይበልጣታል፣ ግን ጫማ ነው። ፍቅር ሲመጣ እንዲህ ድንገት ይመጣል።

ሰዎች ‘ምከሪው’ ይሏታል አማቱን። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ… ጃቫ ይምከረው። እሷ ምን አገባት? የአማት ምክር ማን ይሰማል?

ግን ሰገነትዬ፣ ቀልዱን ልተወውና፣ ያቺ ሴትዮ ፈርታለች። እውነቴን ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ጊዜ አገር ጥላ፣ ቋንቋ ጥላ፣ ከዜሮ ጀምራለች፤ ሁለተኛ አትችልም። ሁለት ቤት አልፎ ጸሓይ የምትባል ኤርትራዊት ጓደኛ አለቻት፤ ጠዋት ጠዋት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ፓርኩን ይዞራሉ፣ ስለ ስኳራቸው ያወራሉ። በእግሯ ክሊኒክ ትደርሳለች፣ ስሟን ያውቋታል። ሴትዮዋ ያላት ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን የሷ ነው። ልጇ ደግሞ እንቢ ማለት አታውቅም፤ ስትጠየቅ እሺ ትልና መኪና ውስጥ ታለቅሳለች። እናት ይህን አይታ እንዴት በረንዳ ያምራታል?

ይቅር በይኝ። አይኔ ሲያረጅ ውሃ ያዘ። ሻዩን ልድገምልሽ?

በቃ የዚያን ሰው ወሬ እንተወው። ስለዚህ ስለራሳችን ቤት ላጫውትሽ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ይህን ቤት በሁለት ሺህ ሦስት ስንገዛ አንቺ ገና ኮሌጅ ነበርሽ። እኔ የሆቴል ላውንደሪ እሠራ ነበር፣ አሥራ ሰባት ዓመት። ክሬዲቴ እንደማጥበው አንሶላ ነጭ ነበር። ከቤተሰቡ መሀል ግን… የአንድ ሰው ክሬዲት ታሞ ነበር፣ ክፉኛ። ሦስት ክሬዲት ካርድ ነበሩ፣ ሦስቱም አልጋ ላይ። ባንኩ ደግሞ በሽተኛ አይወድም። ‘ለጊዜው የሱ ስም ይውጣ፣ ሲያገግም ይገባል’ ተባለ። ፈርሞ ወጣ። ከዚያ ማን አስታወሰ? እሱ ጃቫን ሲያስብ፣ እኔ ሎሚዬን ሳጠጣ፣ አሥራ አንድ ዓመት እንደ ዋዛ ሄደ። የቤቱን ባለቤትነት ወረቀት፣ ታይትሉን፣ ያየሽ አንቺ ነሽ፣ ሥራሽ ነው፤ ሁለት ስም ነው ያለው፣ የጽናትና የእኔ። ለዚህ ነው ወረቀትሽ ሁለት መስመር ብቻ ያለው። እኔ እንኳ ሰሞኑን እማዬ የበዛው በምን ምክንያት ነው እያልኩ ስገረም ነበር… አሁን መስመሩን ሳየው ገባኝ።

አትደንግጪ ልጄ፣ አንቺ ምን አደረግሽ? ደውለው ነዪ ያሉሽ ነሽ። እስክሪብቶሽን መልሺ፣ ቀለሙ ይደርቃል። አልፈርምም። ጽናትን አንቺ ‘እናትሽ እምቢ አለች’ በያት፤ እንቢታው የኔ ይሁንና እሷ አንድ ቀን እንኳ ሳታለቅስ ትግባ። ቅዳሜ ኦፐን ሃውስ የለም፣ ግን አንቺ ምሳ ነዪ፣ ሽሮ እሠራልሻለሁ። ለሚመጣውም ሰው ቤቱ ክፍት ነው፣ ለሽያጭ ብቻ አይደለም።

ይኸው መኪናዋ ገባ። እሰይ፣ በሰላም ደረሰችልኝ።

ኩሽናው ደግሞ ጭር ብሏል። ሰው በሩ ሥር ቆሞ እግሩ እንዳይደነዝዝ እሰጋለሁ፤ ወንበር አለ፣ ቢቀመጥ ማን ይከለክለዋል።

ብቻ ያን የነገርኩሽን ሰው አምተን ብቻ አንተወው፣ ኃጢአት ነው። ጽናት ሳትገባ እንመርቀው፣ አንቺ አሜን በይ። እግዚአብሔር ጤናውን ይስጠው። ሩዙ ይባረክለት፣ ዳክዬው ይርባለት፣ የሃምሳ ሰባት ዓመቱን ልጁን ያሳድግለት። ዕድሜውን እንደ ማቱሳላ ያርዝምለት፣ ሰገነትዬ፣ መንገዱ ረጅም ነውና ያስፈልገዋል። ደግሞ ቸሩ አምላክ፣ በዚህም አገር በዚያም አገር እንዲህ የለፋውን ልጄን… ያን ሰው ማለቴ ነው… ከመቃብሩ ድንጋይ በፊት ስሙ የተጻፈበት አንድ ነገር ያሳየው።