በዓለቱ ሥር ስለተገኘው የአቶ ወርቅነህ ነጠላ ጫማ

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሮማነወርቅ ሳህሌ
ዕድሜ፦ 52
አድራሻ፦ ብሌንደን ታውንሺፕ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሥራ፦ ኢስተን አካባቢ በሚገኝ ሆቴል የክፍሎች ጽዳት ተቆጣጣሪ
ቀን፦ ሰኞ፣ ማርች 21 ቀን 2022
ጉዳዩ፦ የ61 ዓመቱ የአቶ ወርቅነህ ዘገዬ መጥፋት
ቃሉ በአስተርጓሚ አማካይነት የተሰጠ ሲሆን በአማርኛም ተጽፏል።

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይጠራኝ በገዛ ፈቃዴ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጥቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ያመጣኝ ባለቤቴ አቶ ዳኛቸው ጀማነህ ሲሆን፣ ይህ ቃል በሚጻፍበት ሰዓት ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። የምናገረው ነገር እሱን ያስጠይቀው እንደሆነ መርማሪውን ጠይቄያቸው፣ አስቀድመው መልስ ሊሰጡኝ እንደማይችሉ ነግረውኛል። ፈርቻለሁ። ቢሆንም የአቶ ወርቅነህ ፍለጋ ዛሬ ማታ እንደሚቆም ልጃቸው በስልክ ነግራኛለች፤ እስካሁን የተፈለጉትም ባልሄዱበት በኩል ነው። ዝም ብል ሰውየው በእኔም ዝምታ ይሞታሉ።

አቶ ወርቅነህን የማውቃቸው ከሃያ ዓመት በላይ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከስደተኛ ካምፕ ጀምሮ አብረው የኖሩ፣ ክሊንተንቪል ውስጥ ቤት ያላቸው፣ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ያኤል የምትባል አንድ ልጃቸውን ይዘው የሚኖሩ ሰው ናቸው። በጾም ነገር ቀልድ አያውቁም። እኛ ቤት ሲመጡ ድስቱ ሥጋ ነክቶት እንደሆነ ሳይጠይቁ እጃቸውን አይታጠቡም።

በኮሮና ምክንያት ሁለት ዓመት ከቤት ስላልወጣን፣ በያኤል የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ሳምንት አራታችን አንድ ላይ ወደ ሞቃት ደሴት እንድንሄድ የለመነችን እሷው ናት። ሳምንቱ የዋለው በዐቢይ ጾም ነው። እሷ የመረጠችው ምግቡም መኝታውም በአንድ ክፍያ የሚያልቅበት ትልቅ ሆቴል ነበር። አባቷ ግን «ሥጋ የተገላበጠበት ማንኪያ ለእኔም ሊዞርልኝ ነው? ዓሣም ቢሆን ሥጋ ነው። ካንስል አድርጊው» አሏት። ያኤልም «ዳዲ፣ ቬኬሽን እኮ ነው!» ብላ በሩን ዘግታ ገባች።

ሆቴል የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ማረፊያ የመፈለጉ ነገር ወደ እኔ ዞረ። በሌላ አገር ባለች፣ ላንተርን ኪ በምትባል ትንሽ ደሴት ጫፍ ላይ፣ የራሱ ኩሽና ያለው፣ ለብቻው የቆመ የእንጨት ቤት በስልኬ አግኝቼ ቡክ አደረግኩ። ሽሮ፣ ምስር፣ በርበሬና ደርቆሽ በሻንጣ ጭነን ሄድን። አቶ ወርቅነህ ቤቱን በፎቶ አይተው መርቀውኛል።

ቅዳሜ ማርች 12 ጀልባው አራግፎን ሲመለስ እስኪሰወር ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት። ጎረቤት የሚባል የለም። ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ውኃው ከቤቱ ወለል ሥር ገብቶ ሲወጣ ይሰማል። ከአራታችን ዋና የምትችለው ያኤል ብቻ ናት። ፎቶው ላይ ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቶ ነበር፤ በአካል ሳየው ግን አንድም ጊዜ ጀርባዬን ልሰጠው አልደፈርኩም።

የቤቱ ጠባቂ ማዶ የሚኖር ሽማግሌ ሲሆን በቀን አንዴ በጀልባ ብቅ ይላል። በመጀመሪያው ቀን በስተምዕራብ ያለውን አሸዋ አሳየን። ውኃው ሲሸሽ አሸዋው እንደ መንገድ ይገለጥና እስከ ቀጣዩ ደሴት በእግር ያስኬዳል። እዚያ አንዲት ሴትዮ ዓሣ በከሰል የምትጠብስበት ዳስ አለ። ጨረቃዋ ልትሞላ ስለተቃረበች ግን ውኃው በኃይል እንደሚመለስ፣ ሰዓቱን ያላወቀ ሰው እንዳይሞክረው ማስጠንቀቁን ያኤል አስረዳችን። አቶ ወርቅነህም «እኛ ከዓሣ ጋር ምን አለን?» ብለው ሳቁ።

በስተምሥራቅ ደግሞ ትልቅ ዓለት ነበር። ከእሑድ ጀምሮ ሁለቱ ወንዶች እኩለ ቀን ሲቃረብ ዳዊታቸውን ይዘው ወደዚያ እየሄዱ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሱ ጀመር። ሰኞ ዕለት ውኃ ላቀብላቸው ሄጄ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ነጠላ ጫማቸውን ዓለቱ ሥር አውልቀው ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። ከዓለቱ ጀርባ ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ ሳልጠራቸው ውኃውን ትቼ ተመለስኩ። ማዕድ ሲቀርብ ሁለቱም ብዙ አይበሉም። አቶ ወርቅነህ «ሮማን፣ ምስሩን አታብዢው» ይሉኝ ነበር። ጾም ማለት እንዲህ ነው ብዬ ኮራሁባቸው። ከባለቤቴ ይህን ያህል ትጋት አይቼ ስለማላውቅ ይበልጥ የኮራሁት በእሱ ነው።

ረቡዕ ማርች 16 ባለቤቴ ሆዱን አሞት ከአልጋ አልተነሣም። ምስሩ ነፋኝ አለኝ፤ ዝንጅብል አፈላሁለት። አቶ ወርቅነህ ዳዊታቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ብቻቸውን ወጡ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ መስኮቱን ያንኳኳ ጀመር። ባሕሩ ጠቆረ። የሚመለሱበት ሰዓት አለፈ፤ ያኤል «አባዬ ዘገየ» እያለች ሁለት ሦስት ጊዜ በር ላይ ቆመች። በመጨረሻ ወደ ዓለቱ ሮጠች። ጩኸቷን ቤት ሆኜ ሰማሁት። ደርሼ ሳይ ጫማው እንደተለመደው ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ሰውየው የሉም።

ጠባቂው በመጣ ጊዜ ጫማውን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። የደሴቶቹ ፖሊሶችና ዓሣ አጥማጆች ሐሙስና ዓርብ በጀልባ ፈለጓቸው፤ የተፈለገው ሁሉ ዓለቱ ባለበት በምሥራቅ በኩል ነው፤ እኛም ወደዚያ ሄዱ ብለን ነግረናቸዋል። ባለቤቴ ግን ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ይቆም ነበር። ላብ ያጠምቀው ስለነበር በሕመሙ አሳበብኩ። ዓሣ ጠባሿ ሴትዮ ዕቃ ልትገዛ ማክሰኞ ማታ ወደ ትልቁ ደሴት ሄዳ ስለነበር የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጀልባችን ሲመጣ ያኤል አልሄድም አለች። እኔም ከእሷ ጋር ልቀር ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቴ ትኩሳት ይዞት መቆም ስላቃተው ይዤው ተመለስኩ። ልጅቷ የአባቷን ጫማ በደረቷ አቅፋ ዳርቻው ላይ እንደቆመች ነው የተለየኋት።

ቤት ከገባን በኋላ ባለቤቴ እንቅልፍ አልወሰደውም። ስጠራው ይደነግጣል፤ ስልክ ሲጮኽ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ወንድሙ በሚያየው ሰው ላይ አንድ ነገር አድርጎ እንደሆነ ጠርጥሬዋለሁ። አብሬው ለመተኛት ስለፈራሁ ሳሎን አደርኩ።

ትናንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጉዞ ልብሳችንን ላጥብ ሻንጣውን ከፈትኩ። የባለቤቴ ሸሚዝ የከሰል ጭስና የዓሣ ስብ ይሸታል። በዚያ ቤት ከሽሮና ከምስር ሌላ አልተበሰለም፤ ያበሰልኩት እኔ ነኝ። ሸሚዙን ይዤ ጋራዥ ውስጥ ሄድኩበትና «ዳኛቸው፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያም «ሮማን፣ ጫማውን ዓለቱ ሥር የምንተወው አንቺ እንድታዪው ነበር» አለኝ።

እንደነገረኝ ከሆነ የመጀመሪያው ሐሳብ የአቶ ወርቅነህ ነው። ቅዳሜ ማታ የዓሣው ሽታ በነፋስ መጥቶ እንቅልፍ ነሣቸው። ከእሑድ ጀምሮ ጫማቸውን ዓለቱ ሥር እየተዉ፣ በቁጥቋጦው ውስጥ ዞረው፣ በባዶ እግራቸው አሸዋውን እየተሻገሩ ይበሉ ነበር። ባለቤቴን ሆዱን ያመመው ማክሰኞ የበላው ዓሣ ነው። ረቡዕም አቶ ወርቅነህ ሊሻገሩ መሆኑን ከአልጋው ሳይነሣ ያውቅ ነበር። ዳሱ ዝግ መሆኑን ግን ሁለቱም አያውቁም ነበር።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ጫማውን አይታ ልጅቷ ስትጮህ፣ ሞቷል ብዬ ደመደምኩ። አባትሽ ሲጸልይ ሞተ ቢሏት አይሻልም? የሞተን ሰው ጾሙን ገደፈ ብዬ ስሙን እንዴት ላጥፋው?»

«መሞታቸውን ማን ነገረህ?» ብዬ ጮህኩበት። እሱም በአሸዋው መንገድ መሃል ሰው የማይኖርባት አንዲት ጠፍ ደሴት እንዳለች፣ እሷም ላይ የዓሣ አጥማጆች ጎጆና የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት በርሜል እንዳዩ ነገረኝ። ውኃው መንገድ ላይ የደረሰበት ሰው እዚያ መውጣት ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ለያኤል ልደውል ስልኩን አንሥቼ አስቀመጥኩት። ፖሊስ ፊት ሆኜ ካልነገርኳት እኔም እንደ ባለቤቴ ስለ አቶ ወርቅነህ ስም አስቤ ዝም እንዳልል ሰጋሁ።

ስለዚህ ዛሬ በዚሁ ክፍል ውስጥ፣ መርማሪው ባሉበት፣ ለያኤል ደወልኩ። ከላይ የተናገርኩትን ሁሉ ነገርኳት። 

«እትዬ ሮማን፣ ዌት» አለችኝ። «ጫማው እኮ እኔ ጋ ነው። ፊቱ ሻማ ሳበራ ነበር። ሶ... አባዬ አሁን ባዶ እግሩን ነው ያለው?»

«አዎን፣ ልጄ» አልኳት።

ከጉብታው ላይ ጠባቂውን በእንግሊዝኛ ስትጣራ፣ ቀጥሎም ከታች የጀልባ ሞተር ሲነሣ ሰማሁ። «ይዤለት እየሄድኩ ነው» አለችና ስልኩ ጠፋ። ይህ ቃል ተጽፎ እስካለቀበት ሰዓት ድረስ መልሳ አልደወለችም።

መርማሪው የአሸዋውን መንገድና የጠፍ ደሴቲቱን ነገር ለዚያ አገር ፖሊስ ወዲያውኑ እንዲያስተላልፉልኝ ለምኛቸው፣ እሺ ብለውኛል። ባለቤቴ የሠራው ቢያስጠይቀው አብሬው እቆማለሁ፤ ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። አቶ ወርቅነህ ጾማቸውን ገደፉ የሚለው ይውጣልኝ ብዬ ጠይቄ ነበር። እሱ ከወጣ ግን በየት በኩል እንደሄዱ ስለማይታወቅ፣ እንዲቀር ራሴ ተስማምቻለሁ። ሲመለሱ ይቆጡኝ። የተናገርኩት እውነት ነው፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም፤ ለዚህም ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሮማነወርቅ ሳህሌ
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ምስክሯ በመፈረም ላይ እያሉ ባለቤታቸው አቶ ዳኛቸው ጀማነህ ከመኪናቸው ወርደው ወደ ክፍሉ ገብተዋል። ሳይጠየቁ ወረቀት ለምነው አሸዋውን፣ ጎጆውንና በርሜሉን በእጃቸው ሥለው ሰጥተዋል። ሥዕሉ ወዲያውኑ ተልኳል። የወ/ሮ ሮማነወርቅ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ሆኖ፣ ሁለቱም አጠገቡ ተቀምጠዋል።